ወረቀትዎን አንብበውታል?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «በምርጫ አስፈጻሚነት ተመልምያለሁ። በኛ ጣቢያ ለመጀመሪያ ጊዜ ስክሪን ተነክቶ የሚመረጥበት ማሽን ይገባል። መራጩ ሲጨርስ ማሽኑ ወረቀት ያትምለታል፣ እሱን ኮሮጆ ውስጥ ይከታል። ሥልጠናው ግማሽ ቀን ነበር፤ አብዛኛው ስለ ማኅተምና ስለ ቅጽ ነው። ‹መራጩን አስረዱ› ብለው አለፉት። ምን ብዬ ነው የማስረዳው? የት ቆሜ? ከውስጥ ሆነው ቢጠሩኝ ልግባ? ማሽኑ ሌላ ሰው መረጠብኝ የሚል ቢመጣስ? ባዶ ትተው የሚወጡትንስ ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ሥልጠና ሲያልቅ አብዛኛው ሰው እጁን የሚያወጣው ስለ አበል ለመጠየቅ ነው።

ምርጫ አስፈጻሚዎችን ሳሠለጥን ዓመታት ሆኖኛል፣ ራሴም ጣቢያ ላይ ውዬ አድሬያለሁ። ካየሁት ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ ብትይኝ ስለ ሰዓቱ እነግርሻለሁ። መራጭ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ምክሩ ያለ ሰዓቱ ስለተነገረው ነው። በር ላይ የሰማው ውስጥ ሲገባ ከጭንቅላቱ ጠፍቷል። ስለዚህ ማስረዳቱን በአንድ ንግግር ልጨርሰው አትበይ። ሁለት ቦታ ክፈይው፤ አንዱ ከመግባቱ በፊት፣ ሌላው ወረቀቱ ታትሞ ኮሮጆ ውስጥ ሳይገባ። ሁለተኛውን ብዙ ጣቢያ ይረሳዋል። ከሁለቱ የሚበልጠው ግን እሱ ነው፤ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ያንን ወፍራም መመሪያ ለጊዜው ወደ ጎን አድርጊው። የተጻፈው ለአንቺ ነው። መራጩ ማሽኑ ውስጥ ምን እንዳለ ማወቅ አያስፈልገውም። ሦስት ነገር ይበቃዋል፦ እንዴት እንደሚጀምር፣ ሲሳሳት እንዴት እንደሚያርም፣ መጨረሱን በምን እንደሚያውቅ። ይህን በአርባ ሰከንድ መናገር ይቻላል። እኔ ሠልጣኞቼን በስልክ እየቆጠርኩ አስደግማቸዋለሁ፤ ከአንድ ደቂቃ ያለፈ እንደገና ከሀ ይጀምራል። መጀመሪያ ያኮርፋሉ፣ የምርጫው ዕለት ያመሰግናሉ።

የት ቆመሽ? ሰልፉ ጋ። መለማመጃ ማሽን ከተሰጣችሁ መዝገብ ከሚታይበት ጠረጴዛ በፊት አስቀምጡት። ሰልፍ ላይ የቆመ ሰው ሌላ ሥራ የለውም፣ ይሰማሻል። ስሙ ተገኝቶ ከፈረመ በኋላ ግን ልቡ ቀድሞት ገብቷል። ያኔ የምትነግሪውን ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ያሳልፈዋል እንጂ አይይዘውም።

መለማመጃው ላይ የሚታዩት ስሞች የእውነተኛ እጩዎች መሆን የለባቸውም። ምልክቱም፣ ቀለሙም የማንንም ፓርቲ እንዳይመስል። እኛ አንድ ጊዜ «ብልጥ» ሆነን በእንስሳት ስም አዘጋጅተን መጣን። ለካ አንዱ እንስሳ የአንድ ፓርቲ ምልክት ኖሯል። ገና በሩ ሳይከፈት የፓርቲ ወኪሎች ጠረጴዛውን ከበቡት፣ እነሱም እውነታቸውን ነበር። በጥድፊያ በሳምንቱ ቀናት ስም ቀየርነው። ከዚያ ወዲህ ከሰኞ እስከ እሑድ ነው የምንጠቀመው፤ እስካሁን ስለ ረቡዕ ያመለከተ ፓርቲ አልገጠመኝም።

ስታሳዪም ሁልጊዜ የመጀመሪያውን መስመር አትንኪ። ሳታውቂው «ከላይ ያለውን ምረጡ» ያልሽ ይመስላል። ይልቅ ራሱ መራጩ ይንካ፣ ደግሞም ሆን ብሎ ይሳሳት። እኔ እንዲህ ነው የምለው፦ «ረቡዕን ይንኩ። በራ? አሁን ሐሳብዎን ቀየሩ እንበል፣ ወደ ዓርብ ይለውጡት።» እዚህ ላይ ጉዱ ይወጣል። አንዳንዱ ማሽን ዓርብ ሲነካ ረቡዕን በራሱ ያጠፋል። ሌላው ግን መጀመሪያ ረቡዕን ደግመሽ ነክተሽ እንድታጠፊው ይጠብቃል፣ ካላጠፋሽ ዓርብን አልቀበልም ይላል። መራጩ «ተበላሸ» ብሎ የሚደነግጠው እዚህ ነው። የእናንተ ማሽን ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ዛሬውኑ ነክተሽ እወቂ፣ መመሪያው ላይ ይኖራል ብለሽ አትተዪው።

ስለ ጣት ደግሞ ትንሽ ልበል። ቀላል ይመስላል፣ ግን ብዙ ግርግር የሚነሳው ከዚህ ነው። ስክሪን በብዛት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ግፊት ያውቃል። በጓንትም በብዕር ጀርባም ይሠራል፣ ጫን ማለት ግን ይፈልጋል። ሌላው፣ እንደ ስልካችን ስክሪን፣ የሚያውቀው ቆዳ ነው። ጥፍር አይገባውም፣ ጓንት አይገባውም፣ በጣም የደረቀ ጣትም አንዳንዴ ያስቸግረዋል። ቆዳ የሚያውቀውን ማሽን «ይጫኑት» ካልሽ መራጩ ጣቱን ይተክልና ያንሸራትተዋል፤ አንዳንዱ ስክሪን ያንን ሁለት ጊዜ እንደተነካ ይቆጥርና ምልክቱን መልሶ ያጠፋዋል። ለዚህኛው «ነካ አድርገው ያንሱ» ነው ቃሉ።

አንድ ሽማግሌ አይረሱኝም። ከዘራቸውን ክንዳቸው ላይ አንጠልጥለው መለማመጃው ፊት ቆሙ። ማሽኑ እንዳይወድቅ የፈሩ ይመስል ግራ እጃቸው የስክሪኑን ጠርዝ ጨብጧል። በቀኝ ጣታቸው ማክሰኞን ይነካሉ፣ የሚበራው ቅዳሜ ነው። ደግመው ይነካሉ፣ ደግሞ ቅዳሜ። «ይሄ እንኳ የራሱን ሰው ይዞ ነው የመጣ» አሉና ሰልፉ ሳቀ። ጠጋ ብዬ ሳይ የግራ አውራ ጣታቸው ጫፍ ስክሪኑ ላይ አርፏል፤ ልክ ቅዳሜ ያለበት መስመር ላይ። «አባቴ፣ ግራ እጅዎን ኪስዎ ይክተቱ» አልኳቸው። ማክሰኞ በራ። መለማመጃው ላይ ባይሆን፣ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ግን ሰውየው ማሽኑ እንደሚያጭበረብር እርግጠኛ ሆነው ነበር የሚወጡት፣ ሰፈሩም እንዲሁ። ስለዚህ ከአርባው ሰከንድ ውስጥ አራቱን ለዚህ ስጪው፦ አንድ ጣት ብቻ፣ ሌላው እጅ ወደ ኋላ።

ይህን ሁሉ አድርጎም የተነካውና የበራው ካልተገጣጠመ ስክሪኑ ልኩን ስቷል ማለት ነው። አንቺ የምታስተካክይው አይደለም። ማሽኑን አስቁሙ፣ ቴክኒሺያን ጥሩ፣ ሰዓቱን ቃለ ጉባኤ ላይ ጻፉ።

ቀጥሎ ችኮላ አለ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) 2018 ላይ በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት የአንድ ፓርቲን እጩዎች በሙሉ በአንድ ጊዜ የመረጡ አንዳንድ ሰዎች ማጠቃለያው ላይ ሌላ ስም አገኙ። ማሽኑ ዘገምተኛ ነበር። ገጹ ወጥቶ ሳያልቅ ሰው ቁልፍ ሲጫን ወይም መምረጫውን መዘውር ሲያዞር ምርጫው ይቀየርበታል። ባለሥልጣናቱ የመራጩ ስህተት ነው አሉ። እኔ አልስማማም፤ ቶሎ ስለተነካ የሚሳሳት ማሽን ጥፋቱ የሠሪው ነው። ግን አንቺ የተሰጠሽን ማሽን ነው የምታሠሪው። ዘገም የሚል ከሆነ «ገጹ እስኪቆም አንድ ትንፋሽ ይጠብቁ» በይ።

አሁን ወደ ከባዱ ልግባ። መራጭ የሚያየውን ገጽ ዘልሎ ያልፋል። 2006 በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት፣ ሳራሶታ በሚባለው ካውንቲ (የአካባቢ አስተዳደር) የሆነው ለኔ ትልቁ ትምህርት ነው። ለአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት የ13ኛው የምርጫ ወረዳ ምርጫ ላይ 18,000 ገደማ ሰዎች ስክሪኑ ፊት ቆመው፣ ሌላ ሌላውን መርጠው፣ ያንን አንዱን ባዶ ትተውት ወጡ። አሸናፊው ያሸነፈው በ369 ድምፅ ነበር። ክርክሩ ፍርድ ቤትም ኮንግረስም ደረሰ። ብዙ ተመራማሪዎች ጣታቸውን የቀሰሩት ገጹ ላይ ነው። ሁለት እጩ ብቻ ያለበት ያ ምርጫ ከገጹ አናት ላይ ተሸጉጧል። ከሥሩ የግዛቲቱ አስተዳዳሪ ምርጫ በባለ ቀለም ርዕስና በረጅም የስም ዝርዝር ገጹን ሞልቶታል። ዓይን ቀጥታ ወደ ቀለሙ ሄደ፣ አናት ላይ ያለውን ዘለለው።

አንቺ ገጹን መቀየር አትችይም። ግን ከምርጫው በፊት በሰው ዓይን ልታዪው ትችያለሽ። ገጾቹን አንድ በአንድ እያለፍሽ «እዚህ ጋ ምኑ ይዘለላል?» ብለሽ ራስሽን ጠይቂ። ጣቢያሽ ውስጥ ለስንት መቀመጫ እንደሚመረጥ ቁጥሩን ያዢ፣ ለመራጩም ያንኑ ቁጥር ንገሪው፦ «የሚመርጡት ለአራት ነው፣ አራቱም እንዲመጡልዎ ‹ቀጣይ› የሚለውን ይንኩ።» ቁጥር የያዘ ሰው ይቆጥራል። «ሁሉንም ገጽ ይመልከቱ» ብትይው ግን ሁሉም ስንት እንደሆነ በምን ያውቃል?

ቃል ላይም ጥንቃቄ አድርጊ። ስክሪኑ ላይ «ቀጣይ» ከተጻፈ «ቀጣይ» በይ። «ወደፊት»፣ «ኔክስት»፣ «እለፍ» እያልሽ አታደባልቂ። አንድ ጣቢያ ላይ አስፈጻሚው «አረጋግጡ» ይላል፣ ስክሪኑ ላይ ያለው «አትም» ነው። ሰዎች «አረጋግጥ» የሚል ሲፈልጉ ውለው እየወጡ ይጠይቁ ነበር።

እንግዲህ ወደ ሁለተኛው ቦታ። ወረቀቱ ታትሟል፣ ኮሮጆው ከፊት አለ። ማሽኑ ወረቀት የሚያትመው መራጩ አንብቦ የኔ ነው እንዲል ነው። ካላነበበው ያ ወረቀት ምስክርነቱ ምኑ ላይ ነው? ሰው ደግሞ አያነብም። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2020 ያወጡት ሙከራ አለ። 241 ሰዎችን በይስሙላ ምርጫ ላይ አስመረጡ። ማሽኖቹ ሆን ተብሎ በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ አንድ ምርጫ እንዲለውጡ ተደርገዋል። ማንም ምንም ሳይላቸው ወረቀታቸውን ያዩት 40 በመቶው ብቻ ናቸው። ስህተት አለ ብለው ለአስፈጻሚ የተናገሩት ደግሞ 6.6 በመቶ። ከዚያ በፊት በ2007 በራይስ ዩኒቨርሲቲ በተሠራ ሙከራ ማጠቃለያ ስክሪኑ ላይ ስሞች ሲቀየሩ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት አላስተዋሉም።

ለሥራሽ የሚጠቅመው ግን ቀጥሎ ያለው ነው። የሚሺጋኖቹ መፍትሔም ሞክረዋል። «ወረቀትዎን ያንብቡ» የሚል ጽሑፍ ለጠፉ፤ የረባ ለውጥ አልመጣም። መራጩ ሲገባ በቃል ነገሩት፤ እዚህም ያው። ከታተመ በኋላ፣ ሳይከተው በፊት በቃል ሲነግሩት ግን የሚያስተውለው ሰው በግልጽ ጨመረ። ከሁሉ የበለጠ የጨመረው ሰዎቹ የሚመርጡትን አስቀድሞ በወረቀት ይዘው ሲገቡና ከዚያ ጋር እንዲያስተያዩ ሲነገራቸው ነው። እንግዲህ መልእክቱ ያው «ያንብቡ» ነው። ትልቁን ልዩነት ያመጣው የተነገረበት ሰዓት ነው።

ስለዚህ አንድ ሰው በመከለያውና በኮሮጆው መካከል አቁሙ። ከቻልሽ ራስሽ ሁኚ፣ መዝገቡን ሌላ ሰው ይያዝ። ሥራሽ አንድ ጥያቄ ነው፦ «ወረቀትዎን አንብበውታል?» ልብ በይ፣ «ጨረሱ?» አይደለም። ለ«ጨረሱ?» ሁሉም ሰው «አዎ» ይላል። «አንብበውታል?» ስትይው ግን ቆም ይላል። ካላነበበ «መከለያው ውስጥ ይመለሱና ስሞቹን አንድ በአንድ ይዩ፣ የተሳሳተ ካለ አዲስ እንሰጥዎታለን» በይው። ያቺ የመጨረሻዋ ሐረግ ወሳኝ ናት። አዲስ እንደሚሰጠው የማያውቅ ሰው ስህተቱን አይቶም ዝም ብሎ ይከታል፣ ያፍራላ።

አንቺ ግን ወረቀቱን አታዪ። ዓይንሽ ፊቱ ላይ ይሁን። የታተመው ገጽ ወደ ውስጥ ተደርጎ መታጠፍ ካለበት እንዴት እንደሚታጠፍ በባዶ ወረቀት አሳዪው። ወረቀቱን የሚቆጥረው ስካነር ከሆነና መታጠፍ የማይፈቀድ ከሆነ ሽፋን ያስፈልጋችኋል፣ አስቀድመሽ ጠይቂ።

የሚመርጡትን ጽፎ መምጣት ብዙ አገር የተለመደ ነው። ብራዚል ውስጥ ማሽኑ ከ1996 ጀምሮ አለ። ስም አይነካበትም፣ የእጩው ቁጥር ነው የሚጻፍበት፤ ስለዚህ ሰው ቁጥሮቹን በቁራጭ ወረቀት ይዞ ይገባል። ቁጥሩን ሲጽፍ የእጩው ፎቶ ይመጣለታል፣ ልክ ከሆነ አረንጓዴውን ቁልፍ፣ ካልሆነ ብርቱካናማውን ይጫናል። ሲጨርስ «ፊም»፣ ማለትም «መጨረሻ»፣ የሚል ቃል በድምፅ ታጅቦ ይወጣል። ወረቀት ይዞ መግባት በእናንተ ደንብ ይፈቀድ እንደሆነ አጣሪ። ከተፈቀደ ሰልፉ ላይ ሆነሽ ንገሪ፤ ግን ወረቀቱን አንቺ አትጻፊላቸው፣ እስክሪብቶም ከማንም የፓርቲ ወኪል እጅ አይቀበሉ።

«መጨረሴን በምን አውቃለሁ?» የሚለው ከማሽን ማሽን ይለያያል። ሕንድ ውስጥ መራጩ ከእጩው ምልክት ጎን ያለውን ሰማያዊ ቁልፍ ሲጫን ቀይ መብራት ይበራል፣ አጠገቡ ባለው መስኮት ውስጥ የመረጠው ሰው ስምና ምልክት ያለበት ቁራጭ ወረቀት ለ7 ሰከንድ ይታያል፣ ከዚያ ወደ ታሸገ ሳጥን ይወድቃል፣ ጢጥ የሚል ድምፅም ይሰማል። እዚያ አስፈጻሚው «ድምፁን ሳይሰሙ አይውጡ» ይላል። በእናንተ ማሽን ግን መጨረሻው ኮሮጆው ነው። ያልገባች ወረቀት ድምፅ አይደለችም። ወረቀቱን ማሽኑ ላይ ጥሎ የሚወጣ አለ፤ ደረሰኝ መስሎት ኪሱ ከትቶ የሚሄድም አለ። አንድ ወጣት ከግቢ ወጥቶ ሄዶ፣ ጓደኞቹ ነግረውት እየሮጠ ተመልሷል። «ይህ ወረቀት ራሱ ድምፅዎ ነው፣ ደረሰኝ አይደለም» የሚለውን አርባው ሰከንድ ውስጥ አስገቢው። ጥሎ የሄደ ሰው ወረቀት ምን ይደረግ የሚለው እንደየቦታው ነው፦ አንዳንድ ደንብ ሁለት አስፈጻሚ ሆነው ይክተቱት ይላል፣ አንዳንዱ እንደተበላሸ ይቁጠር ይላል። የእናንተን ከዋዜማው በፊት ጠይቂ። በዕለቱ የተፈለሰፈ መፍትሔ ሁሉ ክርክር ይጠራል።

ከውስጥ ቢጠሩሽ? ቶሎ ብለሽ አትግቢ። መጀመሪያ ከውጭ ሆነሽ ጠይቂ፦ «ስክሪኑ ላይ ምን ይላል? ስም አይንገሩኝ፣ ቁልፎቹን ብቻ።» ብዙው በዚህ ያልቃል። ካላለቀ ብቻሽን አትግቢ። ደንባችሁ እንደሚለው ሌላ አስፈጻሚ አብሮሽ ይኑር፣ ወኪሎችም ታዛቢዎችም መግባትሽን ይዩ። ከመግባትሽ በፊት «ወደ መጀመሪያው ገጽ ይመልሱት፣ ወይም ስክሪኑን ሳይነኩ በእጅዎ ይከልሉት» በይ። ስትገቢ ከስክሪኑ ጎን ቁሚ፣ ፊትሽ ወደ መራጩ። እጅሽን ወደ ኋላ አጣምሪ። ይህን የምለው ለጨዋነት ብዬ አይደለም፤ እጅ ነፃ ከሆነ ሳታስቢው ይነካል። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ «ይሄን» ብዬ ጣቴን ልዘረጋ ስል የጣቢያው ሊቀ መንበር ክንዴን ያዙኝ። እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ።

እዚያ ውስጥ ፈጽሞ የማይጠየቅ ጥያቄ አለ፦ «ማንን ነበር መምረጥ የፈለጉት?» በቅንነት ነው የሚወጣው፣ ግን ምስጢሩን ገደልሽው። መራጩም «የትኛውን ልንካ?» ብሎ ቢጠይቅሽ መልሱ «የፈለጉትን፤ እኔ የማሳይዎ እንዴት እንደሚነካ ብቻ ነው» ነው። ደጋግሞ ቢጠይቅ ደጋግመሽ ይህንኑ መልሺ፣ ቃሉን ሳትቀይሪ።

ማንበብ የማይችሉና ዓይነ ስውራን መራጮችን በተመለከተ፣ ማሽን ከወረቀት የሚሻልበት ቦታ ካለ ይሄ ነው። ፎቶና ምልክት ትልቅ ሆኖ ይታያል፣ ፊደል ይጎላል፣ የጆሮ ማዳመጫና በእጅ የሚዳሰሱ ቁልፎች ያሉት ማሽን ላይ ደግሞ ዓይነ ስውር ሰው ያለ ረዳት፣ በምስጢር መምረጥ ይችላል። አሜሪካ በ2002 ባወጣችው ሕግ ለፌዴራል ምርጫ በየጣቢያው ቢያንስ አንድ እንዲህ ያለ ማሽን እንዲኖር አስገድዳለች። ችግሩ ማዳመጫው ካርቶን ውስጥ ታሽጎ ይውላል። ጠዋት አውጪው፣ ሰኪው፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ አንዴ እስከ መጨረሻ ምረጪበት። የት ላይ እንደምትጠፊ ታውቂያለሽ፣ ለመራጩም እዚያ ጋ ቀስ ትያለሽ። ረዳት ይዞ የመጣ ካለ ግን ንግግርሽ ከረዳቱ ጋር አይሁን፤ መራጩን ነው የምታናግሪው።

«ማሽኑ ሌላ ሰው መረጠብኝ» የሚል ቢመጣ፣ አፍሽ ላይ የሚመጣው የመጀመሪያ ቃል «ተሳስተው ነው» ይሆናል። ዋጪው። ምናልባት ተሳስቷል፣ ምናልባትም ስክሪኑ ስቷል፤ እዚያ ቆመሽ የምታውቂው ነገር የለም። «ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ፣ ኮሮጆ ውስጥ እንዳይከቱት» በይ። የተበላሸው ወረቀት በደንቡ መሠረት ይሰረዛል፣ ለብቻው ይታሸጋል፣ አዲስ ይሰጠዋል። ከዚያ ጻፊ፦ ሰዓት፣ የማሽኑ ቁጥር፣ መራጩ ያለው ቃል በቃል፤ ማንን መምረጥ እንደፈለገ ግን አይጻፍም። በአንድ ማሽን ላይ ሁለተኛ ሰው ተመሳሳይ ነገር ካለ፣ እኔ ብሆን ሦስተኛውን አልጠብቅም፣ ሊቀ መንበሩ ማሽኑን እንዲያቆመው እጠይቃለሁ። ሕንድ ውስጥ እንዲህ ያለ አቤቱታ ያቀረበ መራጭ ሐሰት ከሆነ እንደሚያስቀጣው ተነግሮት በጽሑፍ ያረጋግጣል፣ ከዚያ በወኪሎች ፊት የሙከራ ድምፅ ይሰጣል። ቁም ነገር አለው፤ ግን ቅጣት ከፊት ሲቀመጥ እውነተኛው አቤት ባይም ዝም እንደሚል አትርሺ። ደንባችሁ ካላዘዘሽ በራስሽ ማስፈራሪያ አትጨምሪ።

ስለ እምነት የሚጠይቁሽም አሉ። «ይሄ ነገር ውስጡ ተሞልቶ መጥቶ ቢሆንስ?» ይሉሻል። አትናደጂ። የጀርመን ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት በ2009 ያኔ የነበሩትን ማሽኖች ውድቅ ሲያደርግ ያነሳው ይህንኑ ነው፤ ማንም ተራ ዜጋ ያለ ልዩ የቴክኒክ እውቀት የምርጫውን ዋና ዋና ደረጃዎች ማረጋገጥ መቻል አለበት አለ። ናሚቢያም በ2014 በአፍሪካ የመጀመሪያ ሆና ብሔራዊ ምርጫ በማሽን ካካሄደች በኋላ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ በ2020 ወረቀት የማያስቀር ማሽን እንዲሠራ ያስቻለውን የሚኒስትር ውሳኔ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ሽሮታል። እንግዲህ ጠያቂሽ ጥሩ ሰው ከጎኑ አለው። መልስሽ የታየ ነገር ይሁን። ጠዋት ወኪሎች ባሉበት ኮሮጆው ባዶ መሆኑ ይታያል፣ ማሽኑ ቆጠራ የሚይዝ ከሆነ ዜሮ መሆኑን የሚያሳየው ወረቀት ይታተማል፣ ይፈረማል፤ ለዚያ ሰው «ይኸው፣ እነማን እንደፈረሙ ይዩ» በይው። ሕንዶች ድምፅ መስጠት ከመጀመሩ በፊት በወኪሎች ፊት ቢያንስ 50 የሙከራ ድምፅ ይሰጣሉ፣ ቆጥረው ያስተያያሉ፣ ከዚያ ያጸዱታል። እናንተም የሙከራ ካላችሁ ማጽዳቱን አትርሱ፤ ከሙከራ የቀረች አንዲት ወረቀት ማታ ቆጠራ ላይ የምታመጣውን ጭቅጭቅ እኔ አይቻለሁ። የማታውቂውን ግን አትማይ። «ከኢንተርኔት ጋር አይገናኝም» የምትይው ቴክኒሺያኑ አረጋግጦልሽ ከሆነ ብቻ ነው።

ግድግዳው ላይ ብዙ አትለጥፊ። አንድ በሥዕል የተሠራ ትልቅ ወረቀት፣ ሰልፉ በሚታጠፍበት ቦታ፣ በሰው ዓይን ቁመት። መከለያው ውስጥ አንድ ትንሽ፦ ንካ፣ እይ፣ አትም፣ አንብብ። ስድስት ወረቀት የለጠፈ ጣቢያ አይቻለሁ፣ መራጩ የሚያነበው የመጸዳጃ ቤቱን ቀስት ብቻ ነበር። እግረ መንገድሽን ለስላሳ ጨርቅ ያዢ፤ እስከ ቀትር ስክሪኑ በጣት አሻራ ይደበዝዛል። ከዚህም የባሰው፣ አሻራው አንድ መስመር ላይ ከተጠራቀመ የሚቀጥለው መራጭ ከሱ በፊት የነበሩት የት የት እንደነኩ ይገምታል። በየተወሰነ ሰዓቱ፣ ሰው በሌለበት፣ ወኪሎች እያዩሽ ጥረጊው።

የመጨረሻው ጥያቄሽ ስለ ባዶ ነበር። ማሽኑ «ያልመረጡበት አለ» የሚል ማስጠንቀቂያ ካለው ሥራውን እሱ ይሠራዋል፤ አንቺ ሰልፉ ላይ «እንዲህ የሚል ጽሑፍ ቢመጣ ስህተት ሠሩ ማለት አይደለም፣ ዘልለው እንደሆነ ይመለሱ፣ አውቀው ከተዉት ይቀጥሉ» ብለሽ ብቻ እለፊ። ባዶ መተው መብት ነው። የሳራሶታው ችግር ሳያውቁ መተዋቸው ነበር። አንዲት እናት ወረቀታቸውን ይዘው ሲወጡ «አንብበውታል?» አልኳቸው። «አንብቤዋለሁ ልጄ፣ ሁለቱን ባዶ ትቻቸዋለሁ፣ አንዳቸውም ደስ አላሉኝም» አሉ ጮክ ብለው። ወኪሎቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ። «ኮሮጆው በዚህ ነው እማማ» ብዬ መንገዱን ለቀቅኩላቸው።